ዘውድ ይደፋል፣ ነጋሪት ይጎሰማል፦ የንግሥና ዕቃዎችን ስም እንዴት እንደምፈታ

እንጀራዬ ትርጉም ነው። የመድኃኒት መመሪያ፣ የቤት ኪራይ ውል፣ የሆቴል ምግብ ዝርዝር፣ ያልተረጎምኩት የለም። አንድ ክረምት ታዲያ ስለ ድሮ ዘውዶች የምታወራ፣ ሃያ ገጽ የማትሞላ የዐውደ ርእይ መጽሔት እጄ ገባች። በሁለት ቀን እጨርሳታለሁ አልኩ። ገና ከመጀመሪያው አንቀጽ ላይ «ሬጋሊያ» የምትል ቃል ቁጭ ብላ ጠበቀችኝ። ብዙም ሳላስብ «የንጉሡ ጌጣጌጥ» ብዬ አለፍኳት።

አራሚው ወረቀቱን ሲመልስልኝ ጠርዙ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ጌጣጌጥ? ሠርግ ነው እንዴ?» ብሎበታል። ተናደድኩ። ቡናዬን ጠጥቼ ደግሜ ሳየው ግን ሰውየው ልክ ነው። ጌጥ ቢወልቅ ሰውየው ያው ሰውየው ነው። ዘውድ ሲወልቅ ግን ሌላ ነገር ይመጣል።

ከዚያ ወዲህ ለእንዲህ ያለ ቃል የራሴ አካሄድ አለኝ። ግማሹን ከመዝገበ ቃላት፣ ግማሹን ከጎረቤቴ ከመሪጌታው ነው የቃረምኩት። ሰፈሩ ሁሉ «የኔታ» ይላቸዋል፤ እኔም እንደዚያው።

ቃሉ ከውጭ የመጣ ከሆነ መጀመሪያ እሱን ራሱን ፍቱት። ሬጋሊያ ላቲን ነው። «ሬክስ» ማለት ንጉሥ ነው። «ሬጋሊስ» የንጉሥ የሆነ። «ሬጋሊያ» ደግሞ የሱ ብዙ ቁጥር ነው፤ «የንጉሥ የሆኑ ነገሮች» እንደማለት። ዕቃ የሚል ነገር ውስጡ የለም። እንዲያውም በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ሬጋሊያ ሲባል ዋናው ሐሳብ መብት ነበር። በ1158 እ.ኤ.አ. ባርባሮሳ የሚባለው ንጉሠ ነገሥት ፍሬድሪክ ጣልያን ውስጥ ሮንካልያ ላይ ጉባኤ ጠርቶ ሬጋሊያው ምን ምን እንደሆነ በሕግ ዐዋቂዎች አስቆጠረ። ዝርዝሩ ላይ ያለው መንገድ ነው፣ መርከብ የሚሄድበት ወንዝ ነው፣ ወደብ ነው፣ ቀረጥ ነው፣ ገንዘብ ማተም ነው። ዘውድና በትረ መንግሥት ቃሉን የወረሱት ኋላ ላይ ነው።

ይቺን ካወቅኩ በኋላ ጥያቄዬ ተቀየረ። ዕቃው ምን ይመስላል ማለቴን ትቼ፣ ይህን ዕቃ የያዘ ሰው ሌላው የማይችለውን ምን ማድረግ ይችል ነበር ማለት ጀመርኩ።

ከዚያ ወደ አማርኛው። የዕቃዎቹን ስም በአንድ ወረቀት ደርድሬ የኔታ ዘንድ ሄድኩ። ዘውድ፣ አክሊል፣ ዙፋን፣ ነጋሪት፣ እምቢልታ፣ ድባብ፣ ሰይፍ፣ በትር። መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች አዩትና ወረቀቱን መለሱልኝ።

«ልጄ፣ ይኼ ስም ብቻ ነው። ምን ይደረግበታል? እሱን ጻፊና ተመለሺ።»

«ምን ይደረግበታል ማለት የኔታ?»

«ዘውድ ምን ይደረጋል?»

«ይደረጋል… ይለበሳል?»

ሳቁብኝ። ዘውድ አይለበስም። ይደፋል።

የኔ ዘዴ ዋና ነገሩ ይኼ ነው። ስሙ ብቻውን ዝም ይላል፤ አብሮት የሚሄደው ግሥ ግን ያወራል። አንድ ወረቀት ውሰዱ። በግራ ስሙን፣ በቀኝ ግሡን ጻፉ። ግሡን ከራሳችሁ አትፍጠሩ። የሽማግሌ ወሬ፣ የዜና መዋዕል አማርኛ፣ የቤተ ክህነት ሰው ንግግር ውስጥ ፈልጉት። የኔ ወረቀት ተሞልቶ እንዲህ ሆነ፦ ዘውድ ይደፋል፣ ይጫናል። በትር ይጨበጣል። ሰይፍ ይታጠቃል። ቀለበት ይጠለቃል። ነጋሪት ይጎሰማል። እምቢልታና መለከት ይነፋሉ። ድባብ ይያዛል፤ ያውም ሌላ ሰው ነው የሚይዘው። አልጋ ይወረሳል።

አሁን በቀኝ ያሉትን ግሦች ብቻ አንብቡ። «ደፋ» ውሃ ሲፈስም፣ ቆብ ሲደረግም፣ ገንቦ ሲገለበጥም የምንለው ነው። ዘውድ ራስ ላይ የሚገለበጥ ዕቃ ሆኖ ታየኝ። «ጫነ» ደግሞ በቅሎና የጭነት መኪና ያስታውሳል፤ ክብደት አለው። «ጨበጠ» ላይ ስደርስ ደነገጥኩ። ዛሬም ዜናው «ሥልጣን ጨበጡ» ይላል። በትረ መንግሥቱ ከቀረ ስንት ዘመኑ፤ ጣቱ ግን አሁንም እንደተጨበጠ ነው።

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ሲነግሡ ሰይፉ፣ በትሩ፣ የወርቁ ሉል፣ ቀለበቱ፣ ሁለቱ ጦሮች ተራ በተራ ተሰጥተዋቸዋል። ይህን ስትተረጉሙ ለሁሉም «ተቀበሉ፣ ተቀበሉ፣ ተቀበሉ» ብትሉ ስሕተት የለውም። ግን ዕቃ ግምጃ ቤት የተረከቡ ይመስላል። ሰይፉን ታጠቁ፣ በትሩን ጨበጡ፣ ቀለበቱን አጠለቁ ስትሉ ሰውዬው ከአንባቢው ፊት ይነግሣሉ።

አልጋን ለብቻው ላንሣው። ይኼን ቃል ለውጭ አገር ሰው አስረድቼ የሚያምነኝ አላገኘሁም። «አልጋ ወራሽ» ቃል በቃል የመኝታ አልጋ የሚወርስ ሰው ነው። የድሮ ነገሥታት ግብር የሚያበሉት፣ ሙግት የሚሰሙት፣ እንግዳ የሚቀበሉት ምንጣፍና ትራስ በተደረደረበት አልጋ ላይ ተቀምጠው ነበር። አልጋውም መንግሥት ሆነ። «አልጋውን ያዘ» ማለት ተኛ ማለት አይደለም፤ ነገሠ ማለት ነው። ዛሬ አውቶቡስ መናኸሪያ አካባቢ «አልጋ አለ» የሚል ታፔላ ባየሁ ቁጥር ለራሴ እስቃለሁ። እንዲህ ያለ ቃል ሲገጥማችሁ የዛሬው ትርጉም እንዳያሸማቅቃችሁ። ዕቃው በዘመኑ ምን እንደነበረ ፈልጉ እንጂ «ዙፋን ወራሽ» ብላችሁ ለማሳመር አትሩጡ።

ቀጥሎ መዝገበ ቃላት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ ይመለሳል፤ እኔም ተመልሼ ነበር። የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌን የግዕዝ መዝገበ ቃላት፣ ወይም የደስታ ተክለ ወልድን የአማርኛውን ስትከፍቱ በሀ ሁ ሂ ተራ አትፈልጉ። ሁለቱም የተደረደሩት በአበገደ ነው፤ አ፣ በ፣ ገ፣ ደ እያለ ይሄዳል። እኔ ይህን ሳላውቅ «ለ»ን መጀመሪያው ላይ ስፈልግ ግማሽ ቀን አቃጥያለሁ። ተራውን በቁራጭ ወረቀት ጽፋችሁ ሽፋኑ ውስጥ ሰክታችሁ አስቀምጡ። ሁለተኛው ነገር፣ የግዕዙ መዝገብ ቃሉን በሥሩ ነው የሚያስቀምጠው። አክሊልን «አ» ላይ ብትፈልጉ አታገኙትም። ቅጥያውን አራግፉና «ከለለ» ላይ ሂዱ። መንበርን «ነበረ» ላይ። ማኅተምን «ኀተመ» ላይ።

ከለለን አግኝታችሁ አንዴ ካነበባችሁ ደግሞ ቤቱ ሁሉ ይከፈታል። ከለለ ከበበ፣ ጋረደ ማለት ነው። ራስን የሚከብበው አክሊል ነው። ሙሽሮች ቤተ ክርስቲያን ሲጋቡ አክሊል ይደረግላቸዋል፤ ሥርዓቱ ተክሊል ይባላል። ከዝናብም ከሰውም የሚሸሽጋችሁ ከለላ ነው። ድንበር የተበጀለት አገር ክልል ነው። የክልል ቢሮ ደጃፍ ተሰልፌ ስጠብቅ ይኼ ነገር ትዝ ብሎኝ ያውቃል። ዘውዱም፣ ሠርጉም፣ የምጠብቀው ማኅተምም በሥር የሚገናኙበት ወረፋ ላይ ቆሜያለሁ ብዬ። (ማኅተሙ ከሌላ ሥር ነው፤ ግን እሱም የነገሥታት ዕቃ ነበር። ደግሞ ያን ቀን አልተገኘም።)

አሁን ወደምወደው እንምጣ፤ ነጋሪት።

ነጋሪት ከእንጨት፣ ከመዳብ ወይም ከብር የሚሠራ፣ ሆዱ እንደ ድስት ጎድጎድ ያለ፣ አፉ በቆዳ የተወጠረ ከበሮ ነው። በበቅሎ ግራና ቀኝ ይጫንና ጎሳሚው ላይዋ ተቀምጦ ይጎስመዋል። አዋጅ ሊነገር ሲል ይጎሰማል፤ ሕዝብ ይሰበሰባል። «ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ይባላል። ዘመቻ ሲነሣም እንዲሁ። ማንም ተነሥቶ መጎሰም አይችልም። ለሹም ነጋሪት ሲሰጠው ነው የሚያስጎስመው፤ ስንት ነጋሪት እንዳለው ማዕረጉን ይናገራል። እዚህ ጋ ሬጋሊያ ራሱን ገለጠልኝ። የባርባሮሳ ቀረጥና የእኛ ነጋሪት አንድ ዓይነት ነገር ናቸው። ሁለቱም መብት ነው፤ የኛው ድምፅ ስላለው ዕቃ ይመስላል እንጂ።

ስሙስ ከየት መጣ? አገር ቤት ማንንም ብትጠይቁ «ነገረ ከሚለው ነው፤ ይናገራላ» ይላችኋል። የኔታም እንዲያ አሉኝ። ደስ ይላል፤ ከሥራውም ጋር ይገጥማል። እኔም መጽሔቱ ላይ ልጽፈው ነበር። ግን አንድ ልማድ አለኝ። ቃሉ ለሚስማማ ፍቺ በጣም ሲመች ጎረቤት አገር ሄጄ እጠይቃለሁ። ዐረብኛ ውስጥ «ነቃራ» የሚባል ልክ እንዲህ ያለ ሆደ ጎድጓዳ ከበሮ አለ። «ነቀረ» ማለት መታ፣ ቆረቆረ ነው። ያው ከበሮ በፋርስ፣ በህንድ፣ በቱርክ በተቀራራቢ ስም ይጠራል፤ በመስቀል ጦርነት ዘመን አውሮፓም ገብቷል።

«ታዲያ ቀ እንዴት ገ ሆነ?» አሉኝ የኔታ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ የድምፅ ጥያቄ ሁልጊዜ መነሣት አለበት። መልሱ ሱዳን ውስጥ ያለ ይመስለኛል። የሱዳን ዐረብኛ ቃፍን «ግ» ብሎ ነው የሚያወጣው። እዚያ ከበሮው «ኑጋራ» ይባላል። የጎንደርና የመተማ መንገድ ደግሞ ነጋዴ የማይጠፋበት መንገድ ነበር።

የኔታ ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ «ከዐረብ ቢመጣስ? እኛ ቤት ሲገባ መናገር ጀመረ» አሉኝ። ከዚህ የተሻለ አላነበብኩም። ለናንተም የምመክረው ይህንኑ ነው። ሁለት ሥር ከተገኘ ሁለቱንም ጻፉ። አንዱ ቃሉ የመጣበትን ሊነግራችሁ ይችላል፤ ሌላው ባለቤቶቹ ምን እንደሰሙበት። ነጋሪትን ሰው ከ«ነገረ» ጋር ባያያይዘው ኖሮ በ1934 ዓ.ም. የመንግሥት ሕግ ማሳወቂያ ሲቋቋም ስሙ «ነጋሪት ጋዜጣ» ይባል ነበር? አይመስለኝም። ጃንሆይ ከዙፋን የወረዱበት የ1967ቱ አዋጅ ራሱ የወጣው ነጋሪት ጋዜጣ ላይ ነው። ንጉሡ ሄዱ፣ ከበሯቸው ቀረ። ዛሬም አዋጅ የሚታወጀው በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ነው።

ይኼ ወደ ሌላው እርምጃ ይወስደናል፤ ቃሉ ዛሬ የት እንደሚኖር መፈለግ። የድሮ ዕቃ ስም ብዙ ጊዜ አልሞተም፤ ሥራ ቀይሮ ነው። ድባብ በንጉሥ ወይም በታቦት ላይ የሚዘረጋ ያጌጠ ጥላ ነው። አሁን ግን የስፖርት ጋዜጠኛው «የስታዲየሙ ድባብ» ይላል። «የበዓል ድባብ» እንላለን፤ ወጣቶቹ «ሙድ» የሚሉት። ከላይ ተዘርግቶ ከሥሩ ያለውን ሁሉ የሚሸፍን ነገር ስለሆነ ነዋ። መንበርም እንዲሁ። በግዕዝ ዙፋን ነው፤ መቀመጫ። ቤታችን ያለው ወንበር ከሱ የመጣ ነው። ደርግ ዙፋን ሻረና መሪውን «ሊቀ መንበር» አለው። ቃሉን ያወጡት ሰዎች ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው ይሆን እያልኩ አስባለሁ።

የሰው ስም ላይም ፈልጉ። ንግሥት ዘውዲቱ፣ ጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ። ዘውዴ ማለት «የኔ ዘውድ» ነው። እናት ለልጇ የምታወጣው ስም ቃሉ በተራው ሰው ጆሮ ምን ያህል ክብር እንደነበረው ያሳያል፤ «ነጋሪት» የተባለ ልጅ ግን አላጋጠመኝም።

ሁለት ወጥመድ ልንገራችሁ። አንዱ ፊደል ነው። ዛሬ ሠ እና ሰን፣ ሐ እና ኀን እንደፈለግን እንጽፋለን፤ ለቴሌግራም ችግር የለውም። ሥር ስትፈልጉ ግን ይጥላችኋል። ሠረቀ ፀሐይ ወጣ ነው፤ ሰረቀ ሌብነት ነው። መዝገቡ ላይ ስታጡ ሌላውን ሞክሼ ፊደል ሳትሞክሩ «የለም» አትበሉ።

ሌላው ደግሞ ዐረፍተ ነገርን ስም አድርጎ ማንበብ ነው። የነገሥታቱ ማኅተምና ደብዳቤ ራስጌ ላይ «ሞአ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» የሚል አለ። «ድል አድራጊው የይሁዳ አንበሳ» እየተባለ የንጉሡ ማዕረግ ተደርጎ ይተረጎማል። ግሡን እዩት፤ «ሞአ» አሸነፈ ነው። «ከይሁዳ ነገድ የሆነው አንበሳ አሸነፈ» የሚል ሙሉ ዐረፍተ ነገር ነው፤ ከዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ 5 የመጣ። እዚያ ላይ አንበሳው ክርስቶስ ነው። የንጉሡ ስምና ማዕረግ ከዚያ በኋላ ነው የሚጀምረው። እንደገና ግሡ አዳነኝ።

መጨረሻ ላይ ያስቸገረኝ፣ የትኛውን «ዘውድ» የትኛውን «አክሊል» እንበለው የሚለው ነው። በ2012 ዓ.ም. ከኔዘርላንድስ የተመለሰውን፣ ራስ ላይ የሚደፋውን የጨለቆት ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ዕቃ አስታውሱት፤ ሮተርዳም አንድ አፓርታማ ውስጥ 21 ዓመት ተደብቆ የቆየውን። ብዙው ዜና «ዘውድ» አለው። ቅርጹን ብቻ ካያችሁ ትክክል ነው። ግን የቤተ ክርስቲያን ንብረት ነው፤ ዙሪያው ላይ የክርስቶስና የሐዋርያት ሥዕል አለበት። በ1868 እ.ኤ.አ. እንግሊዞች ከመቅደላ ወስደውት ዛሬ ለንደን ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ያለው የወርቅ ዘውድም ከእቴጌ ምንትዋብና ከጎንደር ቁስቋም ቤተ ክርስቲያን ጋር ነው የሚያያዘው። ነገሥታትና መኳንንት ዘውድ ለቤተ ክርስቲያን ይሰጡ ነበር፤ ካህናትም በበዓል ይደፉታል። ስለዚህ «የማን ነው?» ብቻ አይበቃም። «ማን ደፋው፣ ለምን ቀን?» በሉ። ለንግሥና ከተደፋ ዘውድ እላለሁ። ለጥምቀት ከተደፋ አክሊል። ሁለቱንም ካየ «ዘውድ፣ በኋላ የቤተ ክርስቲያን አክሊል» ብዬ እጽፋለሁ፤ መግለጫው ረዘመ ብሎ የሚቆጣ ይቆጣ።

ሬጋሊያንስ ምን አልኩት? ስለ ዕቃዎቹ ሲያወራ «የንግሥና ምልክቶች»። ስለ ቀረጥና ስለ ገንዘብ ማተም ሲያወራ «የንጉሥ መብቶች»። አንድ ቃል ለሁለቱም ለማብቃት ሦስት ቀን ለፍቼ ተውኩት። «ንዋየ ቅድሳት» እንደሚባለው «ንዋየ መንግሥት» ልል አምሮኝ ነበር፤ ጆሮ ላይ ያምራል። ግን ንዋይ ዛሬ ገንዘብ ሆኗል፤ አንባቢው የመንግሥት በጀት ይመስለዋል።

ወረቀቱን ከማስረከቤ በፊት ለየኔታ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ይህን አትዝለሉ፤ ዓይን ያለፈውን ጆሮ ይይዘዋል። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ። ዘውዱን፣ ድባቡን፣ አልጋውን አለፍን። ነጋሪቱ ሥዕል ሥር «የነጋሪት መምቻ ዱላ» የሚለው ላይ እጃቸውን አነሡ።

«ዱላ?»

«ምን ልበለው የኔታ?»

«መጎሰሚያ ነዋ!»

እስክሪብቶ አውጥቼ እዚያው አረምኩት።